ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴትና የኢያኢሮስ ልጅ፤ ስለ ወጣት ሴቶች ልጆቻችን ጤንነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ በ5ኛው ምዕራፍ፣ እንደዚሁም ቅዱስ ማቴዎስና ቅዱስ ሉቃስ፣ በአንድ ጉዞ የተፈጸሙ ሁለት ተአምራትን አያይዘው ጽፈውልናል። አንደኛው 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት የመዳንዋ ነገር ሲሆን፣ ሁለተኛው የምኵራብ አለቃ የነበረው የኢያኢሮስ ሴት ልጅ ከሞት የመነሣትዋ ነገር ነው። የልጅቱም ዕድሜ 12 ዓመት እንደ ነበረ ተጽፏል። እንግዲህ ያች ሴት መታመም በጀመረችበት ወራት ይህች ልጅ ተወለደች ማለት ነው። አንዲቱ በሕመም ስትማቅቅ፣ ሌላይቱ በአባትዋ ቤት ስታድግ ኖረው፣ ሁለቱም በአንድ ቀን የአንድ መድኃኔ ዓለምን እጅ አገኙ።

ሴቲቱ ያላትን ገንዘብ ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ከፍላ ጨርሳለች፤ ሕመሙ ግን ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ሕመምዋም በኦሪቱ ሥርዓት ከሰው የሚያርቃት ስለ ነበረ፣ በፊት ለፊት ቀርባ አድነኝ ለማለት አልደፈረችም፤ በሕዝቡ መካከል ተሸሽጋ ከኋላው መጥታ የልብሱን ጫፍ ዳሰሰች፤ በዚያም ጊዜ ዳነች። ጌታችን ግን በዚህ ብቻ አላሰናበታትም። የዳሰሰው ማን እንደ ሆነ ጠየቀ፤ እርስዋም እየተንቀጠቀጠች ወደ ፊቱ ወጥታ እውነቱን ሁሉ ነገረችው፤ እርሱም ልጄ ብሎ ጠርቶ በሰላም አሰናበታት።

ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ስለምን ጠየቀ? ሴቲቱን ለማሳፈር ነውን? አይደለም። የሥጋዋ ሕመም በዳሰሰችበት ቅጽበት ተፈውሶ ነበር፤ ያልተፈወሰው ኀፍረትዋ ነበረ። 12 ዓመት በልብዋ የሸሸገችውን ነገር በአደባባይ ስትናገር የሰማት ጌታ ሲሆን፣ የመለሰላትም ቃል የነቀፋ ቃል ሳይሆን የአባት ቃል ሆነ። ከዚህም የምንማረው፣ የሴት ሥጋ ሕመም በቤተ ክርስቲያን ሊነገር የማይገባው የነውር ነገር እንዳልሆነ ነው። በወንጌል ተጽፎ በየዓመቱ ሲነበብ እየሰማን፣ በቤታችን ግን ስሙን መጥራት የምናፍር ከሆነ፣ ከወንጌሉ ይልቅ ጨዋ ለመሆን የምንሞክር እንሆናለን።

ይህን ትምህርት ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲስ አበባ ከተማ በመርካቶ ዙሪያና በጉለሌ፣ በኮልፌና በአቃቂ፣ በተጠጋጉ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩትን ወጣት ሴቶች በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ብዙ ቤተሰብ በአንዲት ክፍል ያድራል፤ መጸዳጃውም የብዙ ቤተሰብ የጋራ ነው። ከነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ከገጠር ወጥተው በሰው ቤት በሠራተኝነት የሚያገለግሉ፣ ሌሊት ተነሥተው እንጀራ የሚጋግሩ፣ ቀን ልብስ የሚያጥቡ፣ ሲመሽ ደግሞ ዕድል ያጋጠማቸው የማታ ትምህርት የሚማሩ ናቸው። እናት ሩቅ ናት፤ እኅት የለችም፤ እመቤቲቱም ስለ ሥራው እንጂ ስለ ልጅቱ አካል አትጠይቅም። እንግዲህ ይህች ልጅ ስለ ሰውነትዋ የምትማረው ከማን ነው? ከማታውቅ ጓደኛዋ፣ ወይም ሊያታልላት ከሚፈልግ ሰው አይደለምን? እኛ ዝም ያልንበትን ቦታ ሌላ መምህር ይይዘዋል።

አባቶቻችን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ሆኖም አንዳንድ ወገኖች፣ ለልጃገረድ ስለዚህ ነገር መናገር ወደ ኃጢአት መንገድ መምራት ነው እያሉ ሲከራከሩ ይሰማል። የእነዚህ ሰዎች ሐሳብ ከቅንነት የመነጨ ሊሆን ይችላልና በንቀት አናልፈውም። ነገር ግን በመንገድ ላይ ያለውን ገደል ለልጁ የሚያመለክት አባት፣ ልጁን ወደ ገደሉ ገፋ አይባልም። ቅዱሳት መጻሕፍትም ስለ ልማደ አንስት፣ ስለ ፅንስና ስለ ወሊድ በግልጥ ይናገራሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ራስዋ ወንዱን ሕፃን በ40፣ ሴቲቱን በ80 ቀን ስታጠምቅ፣ የእናቲቱንም የአራስነት ቀን ቈጥራ ጸሎት ታደርግላታለች። ይህን ሁሉ በሥርዓትዋ ውስጥ የያዘች ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ሴት አካል መናገርን ነውር ልታደርገው አትችልም። ነውሩ በዘፈቀደና በዋዛ መናገሩ ነው፤ በፈሪሃ እግዚአብሔር፣ በተገቢው ሰው አንደበትና በተገቢው ጊዜ መናገሩ ግን ምግባረ ሠናይ ነው። ንጽሕናም ካለማወቅ የሚመጣ አይደለም፤ ዐውቆ መጠበቅ ነው እንጂ።

እንግዲህ ሐኪሞች የሥነ ተዋልዶ ጤና ብለው ከሚጠሩት ትምህርት፣ እናትና የነፍስ አባት ሊያውቁት የሚገባውን በአጭሩ እንናገር።

መጀመሪያ፣ ስለ ወር አበባ ነው። ይህ ነገር በልጃገረድ ላይ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በኢያኢሮስ ልጅ ዕድሜ ገደማ፣ በ12 ወይም በ13 ዓመት ነው፤ ቀድሞም ዘግይቶም ሊመጣ ይችላል። አስቀድሞ ያልተነገራት ልጅ ደሙን ባየች ጊዜ የቈሰለች ወይም የተቀሠፈች ይመስላታል። ስለዚህ እናት ሳይመጣ በፊት ልትነግራት ይገባል። አዋቂ በሆነች ሴት ዘንድ ብዙውን ጊዜ ከ21 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል፤ ከ2 እስከ 7 ቀንም ይቈያል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ቀኑ ቢዛባ የሚያስደነግጥ አይደለም። ደሙ ከመጠን በላይ ቢበዛ፣ ከሳምንት ቢያልፍ፣ ወይም ሕመሙ ከትምህርትና ከሥራ የሚያስቀር ቢሆን ግን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ሞዴስ ለመግዛት ገንዘብ የሌላት ልጅ ንጹሕ ጨርቅ በሳሙና አጥባ፣ በጨለማ ጥግ ሳይሆን በፀሐይ አድርቃ ብትጠቀም ከበሽታ ትጠበቃለች። በኀፍረት ምክንያት እርጥቡን ጨርቅ በፍራሽ ሥር መሸሸግ ግን ለበሽታ በር መክፈት ነው። በነዚያም ቀኖች ከቤተ መቅደስ ውጭ ቆማ መጸለይዋ የሥርዓት ነገር ነው እንጂ የኃጢአት ወይም የመናቅ ምልክት እንዳልሆነ ካህናት በግልጥ ሊያስረዱ ይገባል። ሰውነትዋን እንድትጠላ የተማረች ልጅ፣ ሰውነትዋን ለመጠበቅ አትተጋምና።

ሁለተኛው፣ ስለ ግርዛትና ያለ ዕድሜ ስለሚደረግ ጋብቻ ነው። እግዚአብሔር ለአብርሃም የሰጠው የግዝረት ኪዳን በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 17 እንደ ተጻፈ ለወንዶች ብቻ ነው፤ ሴትን ግረዙ የሚል ትእዛዝ በብሉይም በሐዲስም አይገኝም። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች ከመቶ 65ቱ የተገረዙ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ልማድ ደም መፍሰስን፣ ቍስልንና በወሊድ ጊዜ ጭንቅን የሚያመጣ ስለ ሆነ፣ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከልክሎታል። እንደዚሁም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎ ወስኗል። የልጅቱ የዳሌ አጥንት እድገቱን ሳይፈጽም ብታረግዝ፣ ምጡ ሊጠናባትና ሕይወትዋንም ሊያሳጣት ይችላል። ስለዚህ ካህኑ ተክሊል ከማድረሱ አስቀድሞ የሙሽራዪቱን ዕድሜ አጥብቆ መጠየቁ ሕግን መጠበቅ ብቻ ሳይሆን ነፍስንም ማዳን ነው።

ሦስተኛው፣ ስለ እርግዝናና ስለ ወሊድ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞቱ እንደ ነበር ተገምቷል፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ይህ ቍጥር ወደ 412 ዝቅ ብሏል። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቍጥር የአንዲት እናት መቃብር መሆኑን አንርሳ። ያረገዘች ሴት እርግዝናዋን እንዳወቀች ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ክትትል ልትጀምር ይገባል። በዚያም የደም ግፊትዋ ይለካል፣ ደምዋ ይመረመራል፣ ለደም ማነስ የሚሆን የብረት ማዕድንና ፎሊክ አሲድ ያለበት እንክብል ይሰጣታል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና የማዋለድ አገልግሎት ያለ ክፍያ የሚሰጥ መሆኑን የማያውቁ ድኾች ብዙዎች ናቸውና ይህን መንገር ምጽዋት ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ደም ከፈሰሳት፣ ጽኑ የራስ ምታት ከያዛት፣ ዓይንዋ ከደበዘዘ፣ ፊትዋና እጅዋ ካበጠ፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ትኩሳት ከጸናባት ወይም ሕፃኑ በማኅፀንዋ መንቀሳቀሱን ካቆመ፣ ነገ እናያለን ሳይባል በዚያኑ ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ልትወሰድ ይገባል።

ምጥ ለቀናት ሲቈይ የሚደርሰውን መከራ አገራችን በሚገባ ታውቀዋለች። የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን አካል ከአጥንትዋ ጋር አጣብቆ ሲያቈየው፣ ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል፤ በዚያም ቀዳዳ ይከፈትና ሽንት፣ አንዳንዴም ዐይነ ምድር፣ ሳይታወቃት ይፈስሳታል። ይህም ፊስቱላ ይባላል። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። በዚህም ሥራ ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል። ዶክተር ካትሪንም በ2012 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በዚህችው አገር ቈይተዋል። ወደዚያ ሆስፒታል የሚመጡት ሴቶች ታሪክ ከወንጌሉዋ ሴት ታሪክ በምን ይለያል? እነርሱም የሚፈስሳቸው ነገር ከሰው የለያቸው፣ ባል የፈታቸው፣ ጎረቤት የሸሻቸው ናቸው። እንግዲህ ከመቅደሳችን ደጃፍ ርቃ የምትቀመጥ እንዲህ ያለች እኅት ብናይ አፍንጫችንን ይዘን አንለፍ፤ የሚድን ሕመም መሆኑን ነግረን እጅዋን ይዘን እንውሰዳት።

አራተኛው፣ ተሸሽገው ስለሚገድሉ በሽታዎች ነው። የማኅፀን በር ካንሰር የሚመጣው በአብዛኛው ሂዩማን ፓፒሎማ በተባለ ቫይረስ ምክንያት ነው። የዚህ መከላከያ ክትባት በ2011 ዓ.ም. በአገራችን ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆኑ ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። ክትባቱ ልጃገረዶችን መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ ሐሰት ስለ ሆነ ሊሰማ አይገባም። ዕድሜያቸው 30 ዓመት የሞላቸው ሴቶችም ሳይታመሙ ምርመራ ቢያደርጉ፣ በሽታው ገና ሳይበቅል ሊታከም ይችላል፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የተባለው ለዚህ ነው። እንደዚሁም የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደምዋ ያለባት እናት ሳትታከም ከቀረች ከመቶ ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሕፃናት በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ሊያዙ ይችላሉ፤ መድኃኒቱን በሚገባ ብትወስድ ግን ቍጥሩ ከመቶ ከ5 በታች ይወርዳል። ስለዚህ ለጋብቻ የሚዘጋጁ ሁሉ፣ ሴቲቱ ብቻ ሳትሆን ወንዱም፣ አስቀድመው ይመርመሩ። በጋብቻ ጸንቶ መኖርን ከሴት ብቻ የሚጠብቅና ራሱን ነጻ የሚያደርግ ወንድ፣ በሽታውን ወደ ቤቱ ይዞ የሚገባው እርሱ ራሱ መሆኑን ይወቅ።

አምስተኛውና ለመናገር የሚከብደው፣ ስለ ተደፈሩ ልጆች ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በምዕራፍ 13 የንጉሥ ዳዊት ልጅ ትዕማር በወንድምዋ በአምኖን ተደፈረች። ሌላው ወንድምዋ አቤሴሎም ዝም እንድትል ነገራት፤ እርስዋም በቤቱ ብቸኛ ሆና ተቀመጠች። ስለ ቤቱ ክብር ሲባል የታዘዘው ዝምታ ግን ቤቱን አላዳነም፤ ደም መፋሰስን አስከተለ እንጂ። ዛሬም በየቤቱ ዝም በዪ የሚባሉ ትዕማሮች አሉ፤ ይልቁንም በሰው ቤት የሚያገለግሉት። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 በሜዳ በግፍ የተያዘችው ብላቴና በደል እንደሌለባት ይመሰክራል። እኛስ በምን ሥልጣን እንፈርድባታለን? እንዲህ ያለ ግፍ የደረሰባት ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ሐኪም ቤት ከደረሰች ከኤች አይ ቪ የሚከላከል መድኃኒት ይሰጣታል፤ በፈጠነች ቍጥርም ይበልጥ ይጠቅማታል። ማስረጃውም እንዳይጠፋ ልብስዋን ሳታጥብ ብትሄድ መልካም ነው። እነዚህን 72 ሰዓቶች በሽምግልና፣ በዕርቅና ነገሩን በማዳፈን ማሳለፍ በሁለተኛ ግፍ መተባበር ነው።

ከጋብቻ ውጭ ያረገዘችም ልጅ ብትኖር፣ ቤተ ክርስቲያን ኃጢአትን ኃጢአት ማለትን አትተውም፤ ኃጢአተኛንም አታባርርም። ልጅቱ ከአባትዋ ዱላና ከጎረቤትዋ ምላስ ሸሽታ በጨለማ ወደማይታወቁ እጆች ብትሄድ፣ ሁለት ነፍስ ይጠፋል። ያን ጊዜ ከደጃችን ያባረርናት እኛ ከተጠያቂነት አንድንም። ደም እየፈሰሳት ወይም ትኩሳት ይዞአት የምትገኝ ልጅ ካለች ደግሞ፣ ፍርዱንና ጥያቄውን ለጊዜው ትተን አስቀድመን ወደ ሐኪም እናድርሳት። ንስሓ የሚገባው በሕይወት ያለ ሰው ነውና።

ምናልባት ጠበል እያለልን መድኃኒት ለምን ያስፈልገናል የሚል ይኖር ይሆናል። ጠበል የእግዚአብሔር ቸርነት እንደ ሆነ እናምናለን። መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ፣ ለሐኪሙም ጥበብን የሰጠ ያው አንድ እግዚአብሔር እንደ ሆነ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ያስተምረናል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ለምእመናን በግልጥ ተናግረዋል። እንግዲህ አንዱን በሌላው ላይ ማስነሣት የእምነት ብርታት አይደለም። ጾምንም በተመለከተ፣ ነፍሰ ጡርና አራስ ሴት ከንስሓ አባትዋ ጋር እየተመካከረች አቅምዋን ትጠብቅ። ካህኑም ለደካማ የሚያቀልለውን የቤተ ክርስቲያንን ርኅራኄ አይሸሽጋት።

ይህን ሁሉ ማን ይፈጽመው? እናቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ሳይጠይቁ ንገሩአቸው፤ የጠየቀችውንም አትቈጡ። አባቶች ሆይ፣ ለሴት ልጃችሁ የሳሙናና የሞዴስ ገንዘብ መስጠት የማያሳፍር የአባትነት ግዴታ ነው። በቤታችሁ ሠራተኛ ያላችሁ ሁሉ፣ ለራሳችሁ ልጅ የምታደርጉትን ያህል ጤናዋን ጠብቁላት፤ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድበትንም ቀን ከደመወዝዋ አትቍረጡባት። ካህናት ሆይ፣ የንስሓ ልጆቻችሁን ስለ ጾምና ስለ ስግደት እንደምትጠይቁ ሁሉ፣ ስለ እርግዝናቸው ክትትልም ጠይቁ። ወንዶች ልጆቻችሁንም የእኅታቸውን ሰውነት አክብረው እንዲኖሩ ምከሩ። በየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት፣ በሴቶች ጽዋ ማኅበርና በሰንበቴ አንዲት አዋላጅ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተጋብዛ፣ ለልጃገረዶች ለብቻቸው በትሕትና ብታስተምር ምን ይጎዳል? ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚያድነው ግን የሰው ነፍስ ነው።

ጌታችን የኢያኢሮስን ልጅ ካስነሣት በኋላ ስላደረገው ነገር ወንጌላውያን የጻፉት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የምትበላው እንዲሰጡአት ማዘዙ ነው። ከሞት ያስነሣ አምላክ በተአምር ሊያጠግባት ይችል ነበር፤ ነገር ግን እንጀራውን ለወላጆችዋ ተወላቸው። ሕይወትን መስጠት የእርሱ ነው፤ የተሰጠችውን ሕይወት መመገብ፣ መጠበቅና ማስተማር ግን የእኛ ድርሻ ነው። በየመንደራችን ያሉት የ12 ዓመት ልጆችም ከእርሱ እጅ የተቀበልናቸው ናቸውና፣ በኀፍረታችን ምክንያት እንዳይጠፉብን እንትጋ።

እናቶቻችንንና እኅቶቻችንን በጤና ይጠብቅልን፤ ያረገዙትን በሰላም ይገላግልልን፤ የታመሙትን ይማርልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።